ዘጠኝ ጠብታ

እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት ፈተና ስቆጣጠር ነው። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ስልክ አዘግቼ የራሴን ሳልዘጋ ቀርቼ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ተፈታኝ እያየኝ ጮኸ። የደወለው ይፋግ ላይ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ሰይድ ነበር። «መምህር ሞላ፣ እንድሪስ ዛሬ ጧት ዐረፈ» አለኝ። እንባው ኋላ መጥቷል፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ግን «ይኸው፣ በዚህም ቀደመኝ» የሚል ሐሳብ ነው።

ሰው በሟች ይቀናል ወይ ለምትሉኝ፣ እኔ ቀንቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ብዬ የያዝሁትን ነገር ሰውየው ስለሞተ ብቻ በአንድ ጧት እንዴት ላቁመው? በእንድሪስ ያልቀናሁበት ነገር ቢኖር ጫማው ነው፤ ጫማው በእውነት አስቀያሚ ነበር። ከዚያ ውጭ በእጅ ጽሕፈቱ ቀንቻለሁ፤ ጠርሙስ ላይ የሚለጥፋት ቁራጭ ወረቀት ሳትቀር ብራና ላይ የተጻፈች ትመስል ነበር። በእንቅልፉ ቀንቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ ዓይኑን ገልጦ፣ ብዕሩን ይዞ፣ ቀና ብሎ ይተኛ ነበር። ከሁሉ በላይ የቀናሁት ግን በዝምታው ነው። እኔ ሰላምታ ለመስጠት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። እሱ የአንድ ወር ንግግሩ ክብሪት ቀፎ ላይ ቢጻፍ ቦታ ይተርፋል።

የተገናኘነው ደብረ ታቦር፣ የዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪ ያለኝ መምህር፣ እሱ ዲፕሎማ ያለው የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን። አጠር ቀጠን ያለ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳል፤ የደብረ ታቦርን ብርድ ለማታውቁ፣ ሐምሌ ላይ የተናገርነው ቃል በረዶ ሆኖ መሬት ላይ ይወድቅና መስከረም ሲጠባ ሟሙቶ ይሰማል። አባቱ ይፋግ ላይ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ እንድሪስ ያደገው ቀዳዳ ጆንያ ሲሰፋ ነው። ከአባቱ የወረሰው አንድ ልማድ ነበረው። እሳቸው ከሚገዙት ጆንያ ሁሉ እፍኝ እህል ቆንጥረው በጨርቅ ቋጥረው ያስቀምጡ ነበር፤ ነገ ጠብ ቢነሳ ምስክር ይሆናል ብለው። እሱም ከሠራው ነገር ሁሉ በትንሽ ብልቃጥ ቀንሶ፣ ወረቀት ለጥፎ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ሙከራ አልሳካ ብሎ እኔ ስራገም «ቆይ፣ ራሱ ይነግረናል» ይለኝ ነበር። ነገሩ ደግሞ ይነግረው ነበር። ለእኔ ግን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

የምንሠራው ነገር ስሙ ነው የሚያስፈራው፤ የሰሚኮንዳክተር ናኖ ቅንጣት ይባላል። ካድሚየምና ሴሌኒየም የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች በጋለ ዘይት ውስጥ ይገናኙና በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሆናሉ። ምን ያህል ጥቃቅን? አንዲት የጤፍ ፍሬ አድጋ ጉና ተራራን ብታህል፣ የእኛ ቅንጣት በዚያው ልክ አድጋ አንዲት ሽንብራ ብታህል ነው። ማጋነን ልማዴ መሆኑን የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ ይህን ግን በካልኩሌተር ሠርቼዋለሁ። እነዚህ ቅንጣቶች ለዓይን የማይታይ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚታይ ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ፤ ትንንሾቹ አረንጓዴ፣ ከፍ ያሉት ብርቱካንማ፣ ተለቅ ያሉት ቀይ። ለዚህ የሚሆን መብራት ግቢያችን ውስጥ አልነበረም። እኔ የግዢ ጥያቄ ጽፌ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። እንድሪስ አንድ ቅዳሜ ይፋግ ሄዶ ከወንድሙ ሱቅ የሐሰተኛ ብር መለያዋን ሐምራዊ መብራት በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ቀናሁ።

ዋናው ቅናት ግን ገና ነው። ሁለታችንም በአንድ መመሪያ፣ ከአንድ ዕቃ፣ በአንድ ቀን እንሠራለን። የእሱ ጠርሙስ ያቺ መብራት ስትበራበት ውስጡ ፍም ያለ ይመስላል። የእኔ ጠርሙስ የክረምት ጎርፍ ይመስላል። እኔ ደግሞ ንጽሕና የምወድ ሰው ነኝ፤ ኬሚስት ማለት ንጹሕ ዕቃ የሚሠራ ነው ብዬ ለተማሪ የማስተምር። ስለዚህ ቅንጣቶቹን ከዘይቱ ለማጥራት በሜታኖል አጥባለሁ፤ በሚያሽከረክረው ማሽን አዘቅጣለሁ፤ እንደገና አጥባለሁ። ሰባት ጊዜ። ለምን ሰባት ብትሉኝ፣ ጠበል ሲባል ሰባት ቀን አይደል? እጄም ልቤም የሚያውቀው ቁጥር እሱ ነው። ባጠብሁ ቁጥር ይደበዝዛል፤ በደበዘዘ ቁጥር ቆሻሻው አልለቀቀም እያልሁ እጨምራለሁ።

አንድ ቀን እንድሪስ ጠርሙሴን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እህል እንደሚያይ ነጋዴ እያዟዟረ አየውና ስንት ጊዜ እንዳጠብሁት ጠየቀኝ። በኩራት ነገርሁት።

«መምህር፣ ልብስ እኮ አይደለም» አለኝ። «ጆንያውን ነው የተረተርኸው።»

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ያለውን ነገር እኔው ራሴ በሰሌዳ ላይ አስተምረዋለሁ። ቅንጣቷ ውስጥ ያለ አተም በአራቱም ማዕዘን ጎረቤት አለው። ዳር ላይ ያለው ግን ወደ ውጭ የዘረጋው እጁ ባዶ ነው። ያን ባዶ እጅ የሚይዙለት ከዘይቱ የመጡት ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው፤ ጭራቸው ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቅንጣቷን እንደ ጃርት ያስመስሏታል። እነሱ ከታጠቡና ከረገፉ ባዶው እጅ የገባውን ኃይል ይይዘዋል፤ ብርሃን ሊሆን የነበረው ነገር ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን በእንግሊዝኛ፣ በሥዕል፣ በቀስት፣ በሦስት ቀለም ጠመኔ አስተምሬዋለሁ። ጠርሙስ ስይዝ ግን አላወቅሁትም። እሱ ጤፍ በየትኛዋ ስፌት እንደሚያንጠባጥብ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ነውና ሁለቴ አጥቦ ያቆማል። በዚያው ቀን ከሞተው ጠርሙሴ ቀንሶ፣ አሚን ከሚባለው ፈሳሽ ጥቂት ጠብ አደረገበትና አስቀመጠው። አሚን ባዶውን እጅ የሚይዝ ሌላ ሞለኪውል ነው። በማግሥቱ የእኔ ቅንጣት በእሱ እጅ ነፍስ ዘርቶ ጠበቀኝ። አመሰግናለሁ አልሁት። ጥርሱን የተነቀለ ሰው ሐኪሙን እንደሚያመሰግን ማለቴ ነው።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ስለ ክፍል ቁጥር ዘጠኝ ነገሩን። ክፍል ዘጠኝ እንድሪስ ቅንጣቶቹን የሚሠራባት፣ ጭስ የሚስበው ሳጥን የሚሠራባት ብቸኛዋ ክፍል ናት። የግምገማ ኮሚቴ ሰኞ ይመጣል፤ ሥራውን አይተው ከወደዱት ክፍሏ በእንድሪስ ኃላፊነት ቤተ ሙከራ ሆና ትጸናለች። ካልሆነ ለእኔ ትሰጣለች፣ እንድሪስም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመልሶ ብርጭቆ ይቆጥራል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ አራት ዓመት ኖሯል። ስለዚያ ስፍራ ሲናገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚያ ከምመለስ ይፋግ ገብቼ ጆንያ ብሰፋ ይሻለኛል አለ። እንግዲህ የማደርገውን ሳላውቅ አደረግሁ እንዳልላችሁ ይህን ሰምቼ ነበር።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ እንድሪስ ለጁምዓ ሲሄድ ክፍል ዘጠኝ ገባሁ። ለኮሚቴው ያዘጋጀው ትልቁ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የስምንት ወር ሥራ ነው። እኔ በኪሴ ታዮል የሚባል ነገር ይዣለሁ። ይህም ሞለኪውል እንደ አሚኑ ቅንጣቷ ላይ ይጣበቃል፤ ግን ሲጣበቅ ብርሃን ሊሆን የነበረውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለራሱ ይቀማል። አጥፊ ነው። ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በእጅ ሞክሬው አላውቅም። አንድ ጠብታ ጨመርሁ። በመስኮቱ በምትገባው ፀሐይ ሲታይ የጠፋ አልመሰለኝም። ሌላ ጨመርሁ። ዘጠኝ ላይ ቆምሁ።

መጽሐፉ የጻፈው፣ እኔ ግን ያላሰብሁበት አንድ ነገር አለ፤ ታዮል ይሸታል። ይሸታል ስል ገማ ማለቴ አይደለም። መቶ የተበላሸ እንቁላል ከሺህ ራስ ነጭ ሽንኩርት ጋር ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው። ጠርሙሱን ከድኜ ወጣሁ፤ ሽታው አብሮኝ ወጣ። ምሳ ልበላ ብገባ ተመጋቢው ትሪውን ይዞ ተነሣ። በመንገድ ሁለት ውሻ ተከተለኝ፤ ሦስተኛው ቀርቦ አሸተተኝና አዝኖ ተመለሰ። ሚስቴ ኮቴን አጥር ላይ ሰቀለችው፤ ጎረቤት ደግሞ አጥሩን አንሡልን አለ። ግቢው ውስጥ የጥገና ሠራተኞች የሽንት ቤት ቱቦ ፈነዳ ብለው ቅዳሜና እሑድ ሲቆፍሩ ዋሉ። መብራት ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር እንድሪስ ጠርሙሱን በሐምራዊዋ መብራት አላየውም ብዬ ተጽናናሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ መብራት መጣ፤ ኮሚቴውም መጣ። የተቆፈረውን ጉድጓድ እየዘለሉ ነው የገቡት። መሪያቸው ዶክተር አስካለ የሚባሉ፣ ነጭ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ ያስያዙ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሴት ናቸው። እኔ ከኋላ ቆሜአለሁ፤ ፊቴን ሐዘን እንዲመስል አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። እንድሪስ መጋረጃውን ሳበና መብራቷን ትልቁ ጠርሙስ ላይ አበራት።

ምንም የለም። ጭለማ።

ኃላፊያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንድሪስ ወደ ቁምሳጥኑ ሄዶ ሦስት ብልቃጥ አወጣና ከጠርሙሱ ጎን ደረደራቸው። የመጀመሪያው ከዚያው ከትልቁ ጠርሙስ ቀድሞ ቀንሶ ያስቀመጠው ነው፤ ሲያበራበት ክፍሉ ብርቱካንማ ሆነ። ሁለተኛው የእኔ ሰባት ጊዜ የታጠበው ጎርፍ ነው፤ ደብዝዟል። ሦስተኛው ያው ጎርፍ ነው፣ አሚን የተጨመረበት፤ ተነሥቷል። ከዚያ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሰማሁትን ረጅሙን ንግግሩን አደረገ።

«ከአንድ ድስት የወጡትም፣ ከአንድ የታጠበ ጠርሙስ የተከፈሉትም ውስጣቸው ያው ነው» አለ። «መጠናቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ዳራቸውን የነካው ነገር ብቻ ነው። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይተረትራል፣ አንዱ ይመልሳል። ይህ ትልቁ ደግሞ ታዮል የገባበት ነው፤ ይቀማል።» ከብርቱካንማው ብልቃጥ ግማሹን ወደ ባዶ ብልቃጥ ገለበጠ፤ ጭስ በሚስበው ሳጥን ውስጥ አድርጎ አንዲት ጠብታ ታዮል ጨመረበት። ዓይናችን እያየ ፍሙ አመድ ሆነ። ዶክተር አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁለቱን የሠራው መምህር ሞላ ነው» አለ እንድሪስ። «ሰባቴ ያጠበውም፣ ታዮሉን የሞከረውም።»

ዶክተር አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። ያ ሁሉ ሰው ዞረ። እሳቸው ደብተራቸውን ገለጡ።

«ስንት ነው የጨመርኸው?»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠፋብኝ ቀልድ ያን ዕለት ጠፋ። «ዘጠኝ ጠብታ» አልሁ።

«ለምን ዘጠኝ?»

«ለእርግጠኝነት ብዬ።»

በደብተራቸው ጻፉት። ጻፉት ስላችሁ፣ በእርሳስ አይደለም፣ በብዕር። ሲወጡም እጄን ጨብጠው፣ የራሱን ውድቀት ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ መምህር ብዙ አላየሁም አሉኝ። ክፍል ዘጠኝ በእንድሪስ እጅ ጸናች። ሪፖርቱ ላይ እኔ ተባባሪ ተብዬ ተጻፍሁ፤ በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ በቴክኒሺያኑ ሥር እንድሠራ። በወንጀሌ የተሾምሁ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ።

ኮሚቴው ሲሄድ እንድሪስ ብልቃጡን ያጥብ ጀመር። በሩ አጠገብ ቆሜ ለምን አላጋለጥኸኝም አልሁት። ቀና አላለም።

«ሰዎቹ የመጡት ክፍሏን ሊያዩ ነው» አለኝ። «ጠብ ካሳየኋቸው ጠብ ብለው ጽፈው ይሄዳሉ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዓርብ። ከጁምዓ ስመለስ ኮሪደሩ ነገረኝ።» ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና አንጠባጠበው። «ታዮሉን እኔም ልሞክረው አስቤ ነበር፤ የስምንት ወር ሥራ በእጄ ማጥፋት አቃተኝ። ግን ዘጠኝ፣ መምህር? ሁለት ይበቃው ነበር።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት በየማክሰኞው ስገባ ወንበር ይስብልኛል፣ የሠራውን ያሳየኛል፣ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስሜን ይጽፋል። ሁለታችንም ስንወጣ ደግሞ እኔ እያየሁት ቁምሳጥኑን ይቆልፍና ቁልፉን ሹራቡ ውስጥ ይከታል። አይደብቀኝም፤ አይቀልድበትም። ይቆልፋል። ያን ያህል የተስተካከለ ሰው ነበር፤ ውለታውንም ጥንቃቄውንም በልኩ የሚሰጥ። እኔ አንዱንም በልክ መስጠት አልችልም። ቀናሁ። ባለፈው ዓመት ስኳሩ ሲበረታበት ጡረታ ወጥቶ ይፋግ ገባ፤ ክፍሏ ለእኔ ተሰጠች። ስመኛት የኖርሁት ክፍል ናት፤ ገብቼ ተቀመጥሁባት፤ ሰፋችብኝ።

ለለቅሶው ወደ ወረታ ወርጄ ይፋግ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ሰይድ ክንዴን ይዞ ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጠኝና አስተዋወቀኝ። ይህ ከወንድሜ ጋር ያንን የብርሃን ነገር ያገኘው መምህር ነው፣ ታዮሉን የሞከረ እሱ ነው አላቸው። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልሞከርሁም» አልሁ። «ላጠፋበት ነው የጨመርሁት። ክፍሉን ልቀማው ፈልጌ ነው፤ ቀንቼበት።»

በሕይወቴ አንዲት ነገር ሳልጨምር ሳልቀንስ የተናገርሁት እሷን ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ቀስ ብለው ሳቁ፤ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሐዘንተኛ የሚያጫውት ሰው አላህ ያኑርልን አሉ። ቀልደኛነቴ ከእኔ ቀድሞ ይፋግ ገብቶ ኖሯል። ላስረዳቸው ብሞክር ሳቃቸው ባሰ።

ሰይድ ግን አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ነግሮኛል» አለኝ። «ከነሽታው።»

አንገቴን ደፋሁ።

«እሱም በአንተ ይቀና ነበር።»

ቀና አልሁ። እንድሪስ? በእኔ? በምኔ?

ነገረኝ። ከክፍል ዘጠኝ ቀጥሎ ያለው እኔ የማስተምርበት አዳራሽ ነው፤ ተማሪዎቹ ሲስቁ በግድግዳው ይሰማዋል። እሱ ለተማሪ ሲያሳይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያን ሳቅ ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር፤ እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ የሚይዛቸው፣ እኔ ይህን አልታደልሁም ብሎ ነበር አለኝ።

የወንድሙ አፈር ገና አልደረቀም፤ እኔ ድንኳን ውስጥ፣ ሐዘንተኛ መሐል ተቀምጬ ደስ አለኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ፤ ሽማግሌዎቹ የማለቅስ መስሏቸው ውኃ ላኩልኝ። ማልቀሱንም አልቅሻለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ከነጠላው ሥር ሆኜ፣ ይህን የተናገረው ስንት ጊዜ ነው ብዬ ሰይድን ጠየቅሁት።

ሰይድ አሰበ። እንደ ወንድሙ ቃል የማይጨምር ሰው ነው።

«አንድ ጊዜ» አለኝ።

ቤቴ ስገባ ለሚስቴ በየቀኑ ይል ነበር ብዬ ነገርኋት።